«ልጄ መጽሐፍ አልነካ አለኝ»

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ትንሽ ሳለ ተረት ካልተነበበለት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አሁን ከትምህርት መጽሐፉ ውጪ ምንም አያነብም። ይወደዋል ብዬ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዝቼ ብሰጠው 30 ገጽ እንኳ ሳይደርስ አስቀመጠው። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጅዎ ማንበብ ጠልቶ ላይሆን ይችላል፤ ለዕድሜው የሚሆን መጽሐፍ አላገኘም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ትውልድ የተቀባበለው ድርሰት ቢሆንም ከ500 ገጽ በላይ ነው። የሚጀምረውም ከማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ታሪክ ነው። በዛብህ አድጎ ከሰብለ ወንጌል ጋር እስኪገናኝ ድረስ አንባቢው መታገሥ አለበት፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን የዕድሜ እኩያውን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ይፈልጋል።

ለታዳጊዎች ተብለው የሚጻፉ ልብ ወለዶች ልጆቹን የሚይዟቸው በዚህ ነው። ባለታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ነው፤ «እኔ» እያለ ራሱ ይተርካል፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ችግሩ ገና ከመነሻው ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ችግሩን የሚጋፈጠው ልጁ ራሱ እንጂ ወላጅ ወይም አስተማሪ አይደለም። በመሐል አዋቂ ገብቶ መምከር ከጀመረ ጎረምሳ ወዲያው ይነቃበታል፣ መጽሐፉንም ይዘጋዋል።

ስለዚህ ቀጣዩን መጽሐፍ ራሱ ይምረጥ። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቦታ አብረውት ይሂዱ፤ በአንድ አዲስ መጽሐፍ ዋጋ ሁለት ሦስት ሊያገኝ ይችላል፣ አንዱ ባይጥመው ሌላ አለው ማለት ነው። ለጊዜው ከ120 እስከ 200 ገጽ ያለው ይበቃል። ከመግዛቱ በፊት ከመሐል አንድ ገጽ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ ያ መጽሐፍ ለአሁኑ ይከብደዋል። በተለይ በእንግሊዝኛ ሲያነብ ይህ ወሳኝ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የተጻፈ ታሪክ ያለ መዝገበ ቃላት ለመከተል ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ጥናቶች ያሳያሉ። 250 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ የማይታወቁት አምስት ብቻ ናቸው እንደማለት ነው።

ቤት ውስጥ ማታ ማታ 20 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ሰዓት የእርስዎም ስልክ ይቀመጥ፣ እርስዎም ያንብቡ። 40 ገጽ አንብቦ ካልጣመው ይተወው፤ «የጀመርከውን ጨርስ» ሲባል ንባብ የቤት ሥራ ይሆንበታል። «ምን ተማርክበት?» የሚለውን ጥያቄም ይተዉት። «ልጁ የት ደረሰ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ቢሉት ግን ያወራዎታል።

የገዙለትን መጽሐፍ ደግሞ አያባክኑት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ቅጂ ፈልገው፣ እራት ሲሠራ ወይም ልብስ ሲታጠፍ አብራችሁ ስሙት። በገጽ ላይ የከበደው የጎጃም አነጋገር በተራኪው ድምፅ ሲመጣ ይቀላል፤ ታሪኩ ልቡ ከገባ በኋላ ወደ መጽሐፉ መመለስ አይቸግረውም።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ልብ ወለዶች አሉን፤ ተማሪው ግን የሚመጣው ፈተና ሲደርስ ለማጥናት ብቻ ነው።

መልስ፦ መጻሕፍቱ የት ነው የተቀመጡት? ከጠረጴዛዎ ጀርባ በተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆኑ ዋናው ችግር እሱ ነው። መታወቂያ አስይዞ በርዕስ የሚጠይቀው አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ነው፤ የማያውቀው ምን ብሎ ይጠይቅ? 20 ያህሉን አውጥተው በሩ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሽፋናቸው እንዲታይ ያቁሟቸው፤ በየሳምንቱ ይቀይሯቸው። ስምና ክፍል መዝግቦ ለሁለት ሳምንት ማዋስ ይበቃል። ጥቂት መጻሕፍት ሊጠፉ ይችላሉ፤ ማንም ሳይነካቸው ከሚያረጁ ግን ይሄ ይሻላል።

ቀጥሎ የአማርኛ መምህሩን አምስት ደቂቃ ለምነው ክፍል ይግቡ። ልብ ከሚሰቅል ቦታ ሁለት ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡና ነገሩ ሲጦዝ ያቁሙ። መጨረሻውን ቢለምኑዎትም አይንገሯቸው። ሦስት አራት ቅጂ ይዘው መግባት ግን አይርሱ፤ «የሚቀጥለው ሳምንት ኑ» ከተባሉ ጉጉቱ ደወሉ ሲደወል ይበርዳል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያበላሹት ከዚህ በኋላ ነው፦ ላነበበ ተማሪ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ያዙታል፤ እሱም ከጓደኛው ገልብጦ ያመጣል። በዚህ ፈንታ ከጀርባው ሽፋን ውስጥ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። ያነበበ ሁሉ፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ መጽሐፉ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አንድ መስመር ይጻፍበት። ተማሪ ከእኛ ምክር ይልቅ የእኩዮቹን መስመር ያምናል።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ የምታነበው ልብ ወለድ ፍቅርና ድብድብ የበዛበት ነው። ልቀማት?

መልስ፦ አስቀድመው ራስዎ ያንብቡት፤ 150 ገጽ ሁለት ምሽት ነው። ፍቅርም ሆነ ጠብ በዚህ ዕድሜ የሚያሳስባቸው ጉዳይ ነውና በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የሚታየው ደራሲው የድርጊቱን ውጤት ማሳየት አለማሳየቱ ነው፤ ደብዳቢው እንደ ጀግና ተሞግሶ ያልቃል ወይስ ያደረሰው ጉዳት ይታያል? ከቀሟት ጓደኛዋ ቤት ታነበዋለች፣ እርስዎም ስለ ጉዳዩ የማውራት ዕድሉ ያመልጥዎታል። ካነበቡት በኋላ ባለታሪኳ ስለወሰነችው ውሳኔ ምን እንደምታስብ ይጠይቋት። ከዕድሜዋ በእውነት ያለፈ ሆኖ ካገኙት ምክንያቱን በግልጽ ይንገሯትና በዚያው ቀን በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ይተኩላት።