የአንገት ማንጠልጠያ ሲሰለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ ሠርግና ምርቃት አነሳለሁ። ማንጠልጠያው አንገቴን ጨረሰው። የእጅ ማሰሪያ ልግዛ አልኩ፤ ግን ካሜራዬ ከነሌንሱ ከባድ ነው። የቱ ይሻለኛል?
ከሒርማታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም አንገቴን ያሳረፍኩት ዘግይቼ ነው። አንጓ ላይ የሚጠልቀው ገመድ ለትንሽ ካሜራ ይበቃል። ላንተ የሚሆነው የእጅህን ጀርባ አቅፎ የሚይዘው ሰፊው ነው። ከላይ የአንገት ማንጠልጠያው በሚታሰርበት የካሜራው ጆሮ፣ ከታች ደግሞ ትራይፖዱ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ በሚገጠምበት ቀዳዳ በብሎን ይታሰራል።

ጣጣው ያለው እዚያች ብሎን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሙሽሮች ሳነሳ ላልታ ወለቀች። ካሜራዬ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ። ሙሽራዋ ከእኔ በላይ ደነገጠች! ከዚያ ወዲህ ከቤት ሳልወጣ በሳንቲም አጠብቃታለሁ። የብረት ቀለበት ካለውም እየው፤ ጠርዙ ገመዱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ቆዳ ያምራል፣ እጅንም ይለምዳል። ግን የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ። ቆዳ ደጋግሞ ረጥቦ ሲደርቅ ድርቅ ይላል። እኔ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ናይለን ነው የምይዘው።

ልትገዛ ስትሄድ ካሜራህን ይዘህ ሂድ። እሰረውና ጠቋሚ ጣትህ የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ ሳይጨነቅ መድረሱን ሞክር። የታችኛው ብረት የባትሪውን ክዳን እንዳይዘጋብህም እይ። ጣትህን ካደነዘዘህ አላላው።

የድሮውን ማንጠልጠያ ግን አትጣለው፣ ቦርሳህ ውስጥ ይቀመጥ። ሠርግ ቤት ምሳ ሲቀርብ እጅህ ነጻ መሆን አለበት።