የአኳሪየም (የቤት ውስጥ ዓሣ ማኖሪያ ገንዳ) ውሃ ለጓሮ ጎመን ይሆናል ወይ?
አዎ፣ ከአኳሪየሙ የምትቀይረውን ውሃ ጎመንና ቃሪያህን ልታጠጣበት ትችላለህ፤ ጨው ያልገባበት ከሆነ። የዓሣው ኩስ ውሎ አድሮ ናይትሬት የሚባል የተክል ምግብ ይሆናል፣ ጎመን ደግሞ እሱን ይወዳል። ሥሩ ላይ አፍስስ፣ ቅጠሉን አታርስ። ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ እሱን ተወው። አንተ ባለህበት ጅማ በክረምት አፈሩ ውሃ ይጠግባል፤ ያኔ በትንሽ በትንሹ ይሁን።

የጠየቅኸኝን፣ ለአኳሪየም ተክል የሚሸጠውን የጠርሙስ ማዳበሪያ ግን ለሚበላ ተክል አልመክርህም። ጀርባውን አንብብ፤ ግሉታራልዴሃይድ (ጀርም የሚገድል ኬሚካል) የሚል ካየህ መርዝ ነው፣ ጓሮው አካባቢ አታድርሰው።

ዓሣ በመድኃኒት ያከምክበትን ውሃም እንዳትደፋ። እኔ አንዴ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ የዓሣ መድኃኒት የጨመርኩበትን ውሃ ቃሪያዬ ሥር ደፋሁት። አፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ክው አልኩ። ፍሬ የያዙትን አራት እግር ቃሪያ ነቅዬ ጣልኳቸው።