ጥንዚዛ ገዝቼ ልልቀቅ ወይ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 27 ዓመቴ ነው፤ ሰበታ ዙሪያ ሩብ ሄክታር ተከራይቼ ጥቅል ጎመን አለማለሁ። ክሽክሽ ፈጀኝ! ባለፈው ምርት 12 ጊዜ አስረጨሁ፤ የመድኃኒቱና የሠራተኛው ሲደመር በአንዱ ርጭት 1,800 ብር ወጣብኝ። አበባ እርሻ የሚሠራ ጓደኛዬ «እኛ ጋ ተባይ የሚበላ ነፍሳት በብልቃጥ ገዝተው ይለቃሉ» አለኝ። ናይጄሪያም አንዴ ለቅቀው ተገላገሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለእኔስ ያዋጣል?

መልስ፦ አንተ ስልህ አትቀየመኝ፤ እንደ ልጄ አይቼህ ነው። 12 ጊዜ 1,800 ማለት 21,600 ብር ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈህ አጠገብህ አኑር።

ጓደኛህ አልዋሸህም። እኔም ሆለታ አካባቢ አንድ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ በስካውትነት፣ ማለትም በተባይ ቆጣሪነት፣ ሠርቻለሁ፤ አጉሊ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቅጠል እየገለበጥሁ ማይት የሚባል ከሸረሪት ወገን የሆነ ደቃቃ ፍጥረት ስቆጥር እውል ነበር። የምንለቃት ፐርሲሚሊስ ትባላለች። እሷም ማይት ናት፤ ብርቱካንማ፣ ሯጭ። የምትበላው ግን ጽጌረዳውን የሚያጠቃውን ሸረሪት ማይት ብቻ ነው፤ ክሽክሽህን ዞር ብላ አታየውም። ብልቃጡን በነጻ ቢሰጡህም ለጎመንህ አይረባህም።

እዚያ ያዋጣው ሸረሪት ማይት መድኃኒት ቶሎ ስለሚለምድ ነው፤ በረጨህ ቁጥር ሌላ ዓይነት፣ ሌላ ዋጋ። አበባው ያለበት የፕላስቲክ ቤት በተረጨ ቁጥር ደግሞ ሠራተኛ ለሰዓታት አይገባም። እንደዚያም ሆኖ ኪሳራ አይቻለሁ። አንድ ዓርብ ማታ ብልቃጦቹ ደረሱ፤ «ሰኞ ይለቀቃሉ» ተባለና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ተቀመጡ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሆነው በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ መለቀቅ ነበረባቸው። ሰኞ ነጭ ወረቀት ላይ ስናራግፋቸው አንዲትም አልተንቀሳቀሰች።

የናይጄሪያው ታሪክ የካሳቫ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ተባይ ከደቡብ አሜሪካ ጠላቱን እዚያው ትቶ አፍሪካ ገባ። ተመራማሪዎች ጠላቱን፣ አንዲት ደቃቃ ተርብ፣ ከፓራጓይ አስመጥተው እ.ኤ.አ. በ1981 ናይጄሪያ ውስጥ ለቀቁ። ገበሬው ሳንቲም አላወጣም። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። የአንተ ክሽክሽ ጠላት ግን ከባሕር ማዶ አይመጣም፤ እርሻህ ውስጥ አለ።

ነገ ማለዳ ወርደህ ቅጠል ገልብጥ። ከክሽክሾቹ መሀል አብጠው ቡናማ የሆኑ፣ እንደ ገለባ የደረቁ ካየህ፣ ተርብ እንቁላሏን ጥላባቸው ልጇ ከውስጥ በልታ የጨረሰቻቸው ናቸው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ደግሞ አድጋ ወጥታለች። ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛም ታገኝ ይሆናል። የጥንዚዛዋ ልጅ እናቷን አትመስልም፤ ጠቆር ረዘም ያለች፣ አዞ ቢጤ ናት። ተባይ መስላው የሚጨፈልቃት ብዙ ነው፤ እኔም ሥራውን ሳልለምድ ስንቷን ጨፍልቄያለሁ።

የምትረጨውን አልጻፍህልኝም። እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለ፣ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት ከሆነ፣ ክሽክሹ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል፤ ቅጠል ለቅጠል የሚዞሩት አዳኞቹ ግን ያልቃሉ። ከዚያ ማን ይበላዋል?

ስለዚህ አትግዛ፤ ያሉህን አዳኞች መግደልህን ቀንስ። ርጭቱን በአንዴ አቁም አልልህም፣ የሰው መሬት ተከራይተህ ቁማር አያስፈልግህም። በአንድ ጠርዝ ጥቂት መስመር ለይና ሳትረጭ ተው፤ ዳር ዳሩን ድንብላልና እንስላል ዝራ፣ ሲያብብ ተርቦቹ ማሩን ይቀስማሉ። በሳምንት አንዴ ሃያ እግር ጎመን ቁጠር። ክሽክሽ የበዛበትን እግር ብቻ ለይተህ ወደ ማታ ቀጠን ባለ የሳሙና ውኃ የቅጠሉን ሥር እጠብ። የሚበሳው አባጨጓሬ ከሆነ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት አለ፤ ጥንዚዛህን አይነካም፣ ክሽክሽንም ግን አይገድልም፤ ሻጩ ለሁሉም ይሆናል ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

አዳኙ ሁልጊዜ ከክሽክሹ ኋላ ነው የሚደርሰው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ክሽክሹ በርክቶ እጅህ ወደ መርጫው ይሄዳል። ያኔ ቡናማዎቹን ቁጠር፤ ከሳምንት ሳምንት ከጨመሩ ታገስ፤ ጎመኑ መጠቅለል ጀምሮ አንድም ካጣህ ያንን ጥግ እርጨው።