ቱርክኛን ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

«ለትምህርት አንካራ ልገባ ነው፤ የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር አሠራር ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። ሰላምታውንና ቁጥሩን ተዪው፣ ሰፈር ውስጥ ትለምጂዋለሽ።

1. በእንግሊዝኛ አስበሽ አትተርጉሚ፤ ከአማርኛሽ ተነሺ። ግሡ እንደኛ መጨረሻ ላይ ነው። «ኤቬ ጊዲዮሩም»፣ ወደ ቤት እሄዳለሁ። «እኔ» ማለት አያስፈልግም፣ ግሡ ውስጥ አለ። «ኤቭ አልድም» ቤት ገዛሁ፣ «ኤቪ አልድም» ቤቱን ገዛሁ። ይቺን የኛን «ን» የክፍል ጓደኞቼ ወር ሙሉ ሲታገሏት እኔ በአምስት ደቂቃ ገባችኝ። ሌሎቹን የምታስጨንቀው ነጥብ የሌላት «ı» ፊደላቸውም የኛ ሳድስ ናት።

2. ቅጥያ ከኋላ ይደረደራል። «ኤቭ» ቤት፣ «ኤቪም» ቤቴ፣ «ኤቪምዴ» በቤቴ። የኛ «በ» ከፊት ናት፣ የነሱ መጨረሻ ላይ ትለጠፋለች።

3. «ዮክ» እና «ዴይል»። እዚህ ጋ ቀስ በይ፤ እኔ የተቃጠልኩት በዚህ ነው። «ዮክ» የለም፣ «ዴይል» አይደለም ማለት ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ስሄድ ፓስፖርቴን ዶርም ረሳሁት። ሴትዮዋ ስትጠይቀኝ «ፓሳፖርቱም ዮክ» አልኳት። አልያዝኩትም ያልኩ መስሎኛል። እሷ የሰማችው «ፓስፖርት የለኝም» ነው። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ወረቀቶቼን ገፋ አድርጋ ቀጣዩን ጠራች። ዶርሜ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነበር! ላስረዳት ብሞክር እጇን አወናጨፈችብኝ። አዲስ ቀጠሮ ያገኘሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለገና አገር ቤት ልገባበት የቆረጥኩት ትኬት ተቃጠለ። እናቴ ዶሮዋን ገዝታ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የጎደለችኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ያንምዳ»። «ያን» ጎን፣ «ም» የኔ፣ «ዳ» በ። «ፓሳፖርቱም ያንምዳ ዴይል»፣ ፓስፖርቴ አብሮኝ አይደለም። «ኤቪምዴ» ላይ «ዴ» የነበረችው እዚህ «ዳ» ሆነች፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ስለምትከተል ነው። ቃሏን አውቃት ነበር፤ ክፍል ውስጥ «ኋላ አጠናታለሁ» ብዬ ያለፍኳት ገጽ ላይ ነበረች። አንቺ ዛሬውኑ በስልክሽ፣ በቁልፍሽ፣ በቦርሳሽ እየቀያየርሽ ጮክ ብለሽ በያት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ያችው ሴትዮ ደረሰችኝ። ሳትጠይቀኝ «ፓሳፖርቱም ያንምዳ» ብዬ ሰጠኋት። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ሲዝ»፣ እርስዎ፣ በይ። «ሴን» ካልሽ ትልቅ ሰውን «አንተ» እንዳልሽ ነው የሚቆጠረው።