የሶሌታው ኪዩብ ወደቀ፤ ፎርማኑ ይክፈል?

ደብረ ብርሃን ላይ ፎርማን የሆነው ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው፦ በኅዳር ወር አመሻሽ ላይ የተሞላ የሶሌታ (የፎቅ ወለል) አርማታ፣ ጥንካሬውን ለመለካት የተወሰደው ናሙና ኪዩብ በ28 ቀኑ ተፈትኖ ወደቀ፤ ሚክሰሩ ላይ የነበሩት ልጆች ውኃ ጨምረው ነበር፤ ኮንትራክተሩም «ሰዎቹ ያንተ ናቸው፣ ከደመወዝህ ይቆረጣል» አለው።

አጭሩ መልስ፦ ትጠየቃለህ። ተጠየቅህ ማለት ግን ኪሳራውን ከኪስህ ታወጣለህ ማለት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

«ልጆቹ ናቸው» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ተወው። የቀን ሠራተኛ ውኃ የሚጨምረው ተንኮል ኖሮት አይደለም። ደረቅ አርማታ በአካፋ አልነሳ ይለዋል፣ ከካሪዮላ ሲገለበጥም ይጣበቅበታል። ሲመሽ ብርዱ አለ፤ ሥራው በቁርጥ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። በተለይ ቫይብሬተሩ (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው መሣሪያ) የተበላሸ ዕለት አርማታውን በውኃ ማቅጠን የተለመደ ማምለጫ ነው። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያንተ ሥራ ነው። ልክ የሌለው ባልዲና ክፍት በርሜል ሚክሰሩ አጠገብ ትቶ «ውኃ እንዳትጨምሩ» ብሎ መሄድ መቆጣጠር አይባልም።

ሒሳቡን እንየው። የውኃና የሲሚንቶ ምጣኔው 0.5 ከሆነ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚገባው 25 ሊትር ውኃ ነው። አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከተደረበበት 35 ሊትር ይሆንና ምጣኔው 0.7 ይደርሳል፤ ሲ-25 (የጥንካሬ ደረጃ ነው) የታዘዘው አርማታ ከጥንካሬው ሲሶ ቢያጣ አይገርምም። አሸዋውንም አትርሳ። 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው የአሸዋ መለኪያ ሳጥን 40 ሊትር ይይዛል። ሁለት ሳጥን አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ካለው 6 ሊትር ገደማ ውኃ ይዞ ይገባል። ይህ ከ25ቱ ላይ ካልተቀነሰ ማንም ባልዲ ሳያነሳ አርማታው ቀጥኗል ማለት ነው።

ሥራውን የሚያውቅ አጣሪ ታዲያ የሚጠይቅህ ይህን ነው። ልኩን ነግረሃቸዋል? ባልዲው ላይ የልኩ ምልክት ነበር? ሚክሰሩ ላይ ማንን በስም መደብክ? ትርፍ የቫይብሬተር መርፌ ሳይቱ ላይ ነበር? ከሌለስ ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ጠይቀሃል? ስላምፕ፣ ማለትም አርማታው ሾጣጣው ሲነሳ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ለካህ? (ሾጣጣው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 25 ጊዜ ይወጋል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።) ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፦ ውኃ መጨመሩን ባወቅህበት ሰዓት ለሳይት ኢንጂነሩ ነግረሃል? የበታች ሠራተኛ ስህተት ያንተ የሚሆነው በዋናነት አውቀህ ዝም ካልክ ነው። ባቀጠኑት አርማታ ላይ ሌላ ወለል እስኪሠራበት መጠበቅ ደግሞ ነገሩን ከቸልተኝነት ወደ መደበቅ ያደርሰዋል።

መሣሪያ ጠይቀህ ተከልክለህ ከሆነ ተጠያቂነቱ ከአንተ በላይ ወዳሉት ይወጣል። ለዚህ የሚያገለግልህ ሳይት ደብተሩ ብቻ ነው፤ በቃል የተነገረ ነገር ኪዩብ ሲወድቅ ማንም አያስታውሰውም። አንድ መስመር ይበቃል፦ «10፡40፣ 14ኛ ቅልቅል፣ ስላምፕ 16 ሳ.ሜ፣ ውኃ በዝቷል፣ ቅልቅሉ ተመልሷል፣ ለሳይት ኢንጂነር ተነግሯል»፣ ከዚያ ፊርማ።

አሁን ወደ ኪዩቡ። እሱ ራሱ የት አደረ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። አዲስ አርማታ ሳይጠነክር ከቀዘቀዘበት መጠንከሩ ይዘገያል፣ ውኃው በረዶ ከሠራ ደግሞ ጉዳቱ አይመለስም። ኪዩቡ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ሜዳ ላይ ካደረ ውጤቱ የሶሌታውን ጥንካሬ ላያሳይ ይችላል። ቅርጹ ውስጥ እንዳለ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቤት ውስጥ ማደር፣ ከዚያ 20 ዲግሪ አካባቢ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። አሞላሉንም ጠይቅ፦ የ15 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ በእጅ ከሆነ በሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 35 ጊዜ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ስለ ማፍረስም ሆነ ስለ ደመወዝ ከማውራት በፊት ከሶሌታው ኮር (ተቦርቡሮ የሚወጣ ናሙና) ወጥቶ ይመርመር ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ሽሚት ሀመር (ላዩን መትቶ ጥንካሬ የሚገምተው መሣሪያ) ደካማውን ቦታ ለመጠቆም እንጂ ለመወሰን አይበቃም። ሶሌታው ራሱ በዚያች ሌሊት ሳይሸፈን ካደረ ግን እሱ ልጆቹ ላይ አይላከክም፤ ያንተ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ባለቤቱ የተዋዋለው ከኮንትራክተሩ ጋር ስለሆነ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሌላ ሰው ቢጎዳም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል። ከደመወዝ መቁረጥ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 የተገደበ ነው፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የራስህ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህም ኖሮ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም። «ወጪውን እሸፍናለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦልህ ከሆነ እንዳትፈርም። በአንጻሩ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የአሠሪን ንብረት መጉዳት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ አሠሪው ይህን መብት የሚጠቀመው ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። መቅጠርና ማሰናበት የምትችል የሥራ መሪ ከሆንክ አዋጁ አይመለከትህም፤ ፎርማን ስለተባልክ ብቻ ግን የሥራ መሪ አትሆንም። የቅጥር ደብዳቤህን አውጥተህ ሥልጣንህ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እይ።

ልጆቹንስ? ውኃውን የጨመረው ልጅ ደብቆ ከሆነ ከሚክሰሩ ይነሳ። ነግሮህ ከሆነ እዚያው አቆየው፣ ምልክት ያለው ባልዲ ስጠው። የነገረህን ልጅ ካባረርክ በሚቀጥለው ሙሌት የሚነግርህ አታገኝም።

የኪዩቦቹን ውጤት ወረቀት እዚህ ለጥፍልን፤ የ7 ቀኑንም ጨምር። በ7 ቀን ከታዘዘው ሁለት ሲሶ አካባቢ ደርሶ በ28ኛው ካልጨመረ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የኪዩቡን አያያዝና ምርመራውን ነው።