የጓዳ ኬሚስትሪ፦ ውሃዬ 100 አልደርስ አለኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ፒያሳ ላይ አንዱ ያልረጋ ሳሙናውን በፌስታል ቋጥሮ አሳየኝ። የቀረውን በደብዳቤ ላኩልኝ አልኩ። ይኸው ላካችሁ።

ቲቸር፣ ቴርሞሜትር ገዛሁ። በረዶ ውስጥ ሳስገባው ዜሮ ይላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ግን 93 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ከሰል ጨመርኩ፣ አራገብኩ፣ ምንም። ሻጩ አልመልስም ብሎኝ ተጣልተናል። (ከማራኪ)

መጀመሪያ ከሻጩ ታረቅ። ዕቃው ደህና ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ነው። ባሕር ጠለል ስልህ ባሕር ዳር እንዳይመስልህ፤ ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያም 94 አካባቢ ነው የሚፈላው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይሳሳል፤ ጫናው ሲቀልለት ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀንስ። ሰባት ቀነስክ? 93። ደባርቅ ብትወጣ 90 አካባቢ ታገኘዋለህ፣ መተማ ብትወርድ ወደ 98 ይጠጋል።

ከሰል ስትጨምር የበዛው እንፋሎቱ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም። የሽምብራ ንፍሮ እዚህ የሚያስጠብቀንም ለዚሁ ነው።

አትፈር ደግሞ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ቴርሞሜትር «ብልሽት» ብዬ ለንብረት ክፍል መልሻለሁ። «ቲቸር፣ ሁለቱም እኩል ተበላሹ?» ያለችኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ፣ ቪዲዮ አይቼ ከግማሽ ሊትር የኑግ ዘይት ሳሙና ልሠራ ሞከርኩ። ኮስቲክ ሶዳውን በአልሙኒየም ድስት ስበጠብጠው ተንተከተከ፣ ድስቱም ጠቆረ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ነው ያደረግሁት፣ ውሃው አንድ ጣሳ። ሳምንት ሆነው፣ አሁንም እንደ አጥሚት ነው። እንደገና ባፈላው ይረጋል? (ከአዘዞ)

አይረጋም እህቴ፣ ለልብስም ለገላም አትንኪው። ያ የተንተከተከው ሶዳው ድስትሽን ሲበላ ነው። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየም ሲያገኝ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሃይድሮጂን ደግሞ እሳት ይይዛል። አጠገብሽ ከሰል ተቀጣጥሎ ከነበረ እግዜር ነው ያተረፈሽ። ድስቱ ላይ ያለቀው ሶዳም ለዘይቱ አልደረሰም፤ ስለዚህ ግማሹ ሳሙና፣ ግማሹ ዘይት ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ ውሃው በዝቷል።

ማንኪያውን እርሺው። ሶዳ በሚዛን ነው። አንዱ ፍሌክ ነው፣ አንዱ ዱቄት፤ ማንኪያው አንድ ቢሆንም ክብደቱ ይለያያል። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ሶዳ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ይደክማል።

ሌላው ነገር ኑጉ ነው። የኑግ ዘይት ብቻውን ለስላሳ ሳሙና ነው የሚሰጥሽ፣ ቶሎም ይሻግታል። እኔ ግማሽ በግማሽ ከበሬ ሞራ ጋር ነው የምሠራው። ሞራውን አቅልጪ፣ አጥሪ፣ 500 ግራም መዝኚ። 500 ግራም የኑግ ዘይት ጨምሪበት። ለዚህ 130 ግራም ሶዳና 280 ግራም ውሃ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ትንሽ ዘይት ይተርፋል፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ሳሙናው እጅ እንዳይበላ።

ዕቃሽ የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ሶዳውን ነው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ የምትጨምሪው። ውሃውን ሶዳው ላይ ያፈሰሰ ሰው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል። መነጽርና ጓንት አድርጊ፣ በር ክፈቺ፣ ልጆቹን ጎረቤት ስደጂ። ቆዳ ከነካሽ ሎሚ ነው ኮምጣጤ ነው አትበዪ፣ በሚወርድ ውሃ ረዘም አድርገሽ ታጠቢ። ዓይን ከገባ ያለማቋረጥ እያጠብሽ ወደ ሐኪም።

በነጋታው ወይም በሠልስቱ ትቆርጪዋለሽ፣ አራት ሳምንት ይደርቃል። አንድ ችግር አለው፦ በሁዳዴ ባለቤቴ የሞራ ሳሙናዬን ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አታስደርሰውም።

ቲቸር፣ ነጭ ነጠላዬ ላይ አልጫ ወጥ ፈሰሰ። ቢጫ ነበር። በሳሙና ሳሸው ቀይ ሆነ! ሳሙናው ተመርዞ ነው? (ከአራዳ)

ሳሙናው ጤነኛ ነው። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ነው እንዲህ የሚሆነው። የእርድ ቀለም አሲድ ሲያገኝ ቢጫ፣ እንደ ሳሙናና አመድ ውሃ ያለ ቤዝ ሲያገኝ ቀይ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ዓይንሽ እያየ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ከዚያ በደንብ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፣ በጥቂት ቀን ይሳሳል።

በረኪና ግን ሎሚ የነካው ጨርቅ ላይ እንዳታፈሺ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል።

ለልጆችሽ ደግሞ ከዚሁ መጫወቻ አለሽ። እርድ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በአረቄ ግን ቀለሙን ይለቃል። ነጭ ወረቀት ነክረሽ፣ ከእሳት አርቀሽ አድርቂና በቀጫጭኑ ቁረጪው። የሳሙና ውሃ ሲነካው ይቀላል፣ ኮምጣጤ ሲነካው ባለበት ይቀመጣል። አንድ ሰው በቀይ ሥር ሞክሬ በሎሚም በሳሙናም አልለወጥ አለኝ ብሎኝ ነበር። የቀይ ሥር ቀለም ዘሩ ሌላ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ቀይና አረንጓዴ ማየት የፈለገ ከርከዴ ይቀቅል።

ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ጨው በፈላ ውሃ አሟሙቼ ክር አንጠለጠልኩበት። አድሮ ቀዘቀዘ፣ ክሩ ግን ባዶ ነው። (ቀበሌውን አልጻፈም)

ጎበዝ፣ ያጠፋኸው ነገር የለም። ጨው ነው ግትሩ። 100 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፣ የፈላው ደግሞ 39። በመቀዝቀዝ የምታገኘው ሦስት ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዙን ተወው፣ አትነው። ውሃውን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አድርግና በስስ ጨርቅ ሸፍነህ መስኮት ላይ አስቀምጠው። አትነካካው። ትንንሽ ካሬዎች ሲወጡ በአጉሊ መነጽር እያቸው።

የጻፍክልኝ ግን በሐምሌ ነው። በጎንደር ክረምት እንኳን ጨው ካልሲም አይደርቅም። ከመስቀል በኋላ ጀምረው፣ ድመት እንዳይልሰው ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ፈልግለት።