ሽማግሌ በጻፈው ወረቀት ላይ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረሻል፣ ሁለት ልጆች አሉሽ። የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየምና ሚኒባሱ በሱ ስም ነው። «ሽማግሌ ያፋታን፣ ትንሽ ብር ይዘሽ ውጪ» ብሎሻል። ደሞዝ የሌለኝ ሴት መብት አለኝ ወይ ነው ያልሽው። አለሽ። እኔም እዚሁ ከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ሆኜ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግርሽ።

ሽማግሌ አያፋታም። ድሮ ያፋታ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ መወሰን ይችሉ ነበር፤ ትልልቆቻችን ዛሬም ያንኑ የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም፣ የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው አለ። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ማስማማት ይችላል። ተስማምታችሁ ብትጽፉ እንኳ ፍርድ ቤት አይቶ ካላጸደቀው ትዳሩ አልፈረሰም። በእኛ ሰፈር በአንድ ገጽ ወረቀት «ተፋተናል» ብለው ለዓመታት የተለያዩ ሰዎች አውቃለሁ። ኋላ አንዳቸው ቤት ሊሸጡ ሲሉ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃሉ፣ ወረዳው ላይ ግን አሁንም ባለትዳር ናቸው። በመሃል የተገዛው ሁሉ ክርክር ይሆናል።

ስሙ በሱ መሆኑ አያስደንግጥሽ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው ባይ እሱ ያስረዳ። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ከዚያም በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድጊ መዋልሽ ድርሻሽን አይቀንሰውም፤ ክፍፍሉ በመርህ ደረጃ እኩል ነው። በእኔ ጉዳይ የቀድሞ ባለቤቴ ካርታውን ከፍ አድርጎ «ይኸው፣ የእኔ ስም ነው» ሲል ዳኛዋ ወረቀቱን አልተቀበሉትም። «መቼ ነው የተገዛው?» ብቻ አሉት። ዓመቱን ተናገረ። «ጋብቻችሁስ?» አሉ። ጋብቻው ይቀድም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ስም የተነሳ ነገር የለም።

ያንቺ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር ሊኖር ይችላል። ለኮንዶሚኒየሙ የተመዘገበው ከጋብቻችሁ በፊት፣ በ1997 ከሆነ «እድሉ የእኔ ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ ቅድሚያ ክፍያው የተከፈለበትን ደረሰኝና የባንክ ዕዳው በየወሩ ሲከፈል የነበረበትን ማስረጃ ከአሁኑ ኮፒ አድርጊ። ክፍያው በትዳራችሁ ዘመን መውጣቱን ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ከቤትም አትውጪ። የፍቺ ማመልከቻሽ እንደገባ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት። ማን ከቤት ይውጣ የሚለውንም የሚያየው ከልጆቹ ጥቅምና ይበልጥ ከሚጎዳው ሰው አንጻር ነው። ይህን ሁሉ ግን አንቺ በማመልከቻሽ ላይ በግልጽ ጠይቂ። የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጆችሽን ይዘሽ ዞር በይ፣ ለፖሊስ አመልክቺ፣ ሽምግልናውም ይቅር።

በዚያው ቀን እግድ ጠይቂ። ለቤቱ ካርታው ላለበት መሥሪያ ቤት፣ ለሚኒባሱ ሊብሬው ለተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የእግድ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውን ራስሽ ተከታትለሽ አድርሺው፣ ገቢ መደረጉንም አረጋግጪ። መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር መኪናው ይሸጣል። ቤቱን ካለ አንቺ ፈቃድ ቢሸጠው ሽያጩን ማስፈረስ ትችያለሽ፤ ጊዜው ግን ባወቅሽ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ከሽያጩ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ለምን እንደምትፋቺ እንድትናገሪ ሕጉ አያስገድድሽም። ገመናሽን ችሎት ፊት ማውጣት የለብሽም። ዳኛው ሊያስማማችሁ ይሞክራል፣ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ድንገት «ከዘመድ ተበድሬአለሁ» የሚል ዕዳ ብቅ ካለ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ጥቅም አልዋለም ብለሽ ተከራከሪ፤ ካልዋለ ያንቺ ዕዳ አይደለም።

የልጆች ቀለብ የሚወሰነው በገቢ ነው፤ የታክሲ ገቢ ደግሞ የደሞዝ ደብዳቤ የለውም። የመስመሩን የቀን ገቢ የሚያውቅ፣ ሊመሰክርልሽ የሚችል ሰው አስቢ። ለልጆቹ የትምህርት ቤት፣ የሕክምናና የወተት ወጪ ደረሰኝ ሰብስቢ።

ለገጣፎ በኩል በውል የገዛችሁት መሬትም አለ ብለሻል። እዚያ ኦሮሚያ ክልል ነው። የኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ፍርድ ቤቱም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠራው። ወሰኑ በ2014 ሲስተካከል አንዳንድ ሰፈሮች ወዲያና ወዲህ ስለሆኑ ቦታው ዛሬ በማን ሥር እንደሆነ መጀመሪያ አጣሪ። የውሉን ዋናውን ካላገኘሽ ፎቶ አንሺው፣ የምስክሮቹን ስምም ጻፊ። ካርታ የሌለው መሬት ብዙ ያከራክራልና በሱ ተስፋ አድርገሽ ኮንዶሚኒየሙን እንዳትለቂ።

ለጠበቃ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለዳኝነት መክፈል ካቃተሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል።

ሲወሰን የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም አስደርገሽ ወረዳ ሄደሽ ፍቺውን አስመዝግቢ። ደግሞ አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለሽ? በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ብቻ ከሆነ ጋብቻው ዋጋ አለው፣ ማስረጃው ነው የሚለየው። እዚህ ስር መልሺልኝ፣ በሱ ላይ ለብቻው እጽፍልሻለሁ።